የግላኮማ ቀዶ ሕክምናና የማደንዘዣ አማራጮቹ

ብቸና እና ሞጣ፦ በምሥራቅ ጎጃም ዞን በብቸናና በሞጣ ከተሞች፣ በዙሪያቸውም ባሉ የገጠር ቀበሌዎች «የዐይን ኦፕራሲዮን» ሲባል ለብዙ ሰው ቀድመው የሚታሰቡት ሁለት ሕክምናዎች ናቸው። አንደኛው በትራኮማ ምክንያት ወደ ውስጥ የታጠፈውን የዐይን ቆብ ማስተካከል ነው፤ ሁለተኛው የዐይን ሞራን ማውጣት ነው። ሦስተኛው፣ ማለትም የግላኮማ ቀዶ ሕክምና፣ ከሁለቱም ይለያል። የሚሠራበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ከእርሱ የሚጠበቀውም ውጤት ሌላ ነው። ታካሚው ሕመም እንዳይሰማው የሚደረግበት መንገድም እንደየዐይኑ ሁኔታ በጥንቃቄ መመረጥ አለበት።

ወደ ዐይን የሚጠጋ መርፌ ማንንም ሰው ያስፈራል። በፍርሃት ምክንያት ቀጠሮ መተው ግን በግላኮማ ጊዜ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። ሞራ የጋረደው ሰው ዓመት ሁለት ዓመት ቢዘገይም ሞራው ሲወጣለት አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ያያል። በግላኮማ የጠፋ ዕይታ ግን በጠብታም፣ በጨረርም፣ በቀዶ ሕክምናም አይመለስም። ስለ ማደንዘዣው አስቀድሞ ማወቅ ለታካሚውም ለቤተሰቡም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ግላኮማ ምንድን ነው?

በዐይን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመነጭ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። ይህ ፈሳሽ ከእንባ የተለየ ነው፤ የዐይንን ውስጠኛ ክፍል እየመገበ በጥቃቅን መውረጃዎች በኩል ወደ ደም ሥር ይገባል። መውረጃው ሲጠብብ ወይም ሲዘጋ ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ በዐይን ውስጥ ያለው ግፊትም ይጨምራል። የጎጃም አርሶ አደር ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በዋልካ አፈር ላይ ጤፍ የዘራ ገበሬ በማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ውኃው መውጫ አጥቶ ሰብሉን እንዳያበሰብስበት ነው። ፈሰሱ በደለል የተደፈነ ማሳ ላይ የሚደርሰው ጉዳት፣ መውረጃው በተዘጋ ዐይን ውስጥ በዕይታ ነርቭ ላይ ይደርሳል።

የዐይን ግፊት በአብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው መካከል ይገኛል። ከዚህ በላይ የሆነ ግፊት ሁልጊዜ ግላኮማ ነው ማለት አይደለም፤ በዚህ መጠን ውስጥ ሆኖም ነርቩ የሚጎዳበት ሰው አለ። ሐኪሙ ግፊቱን ለክቶ ብቻ የማይተወው፣ የነርቩን ራስ በመሣሪያ የሚያየውና የዕይታውን ስፋት የሚመረምረው ለዚህ ነው። አብዛኛው የግላኮማ ዓይነት ሕመም የለውም። ዕይታው የሚሸረፈው ብዙውን ጊዜ ከዳር ነው፤ መሐሉ እስከ መጨረሻው ሊቆይ ይችላል። ሰውየው ሩቅ ያለ በሬ ለይቶ እያየ አጠገቡ ያለው ጉቶ ሊያደናቅፈው ይችላል። እርሱ ግን ነገሩን ለእርጅና ወይም ለድካም ይሰጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው ሀገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከምክንያቶቹ ሞራ 49.9 በመቶ፣ ትራኮማ ያስከተለው የዐይን ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። በአማራ ክልል በዚያን ጊዜ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል 62.6 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። የክልሉ የዐይን ጤና ሥራ ለዓመታት በትራኮማ ላይ ማተኮሩ ትክክል ነበር። ነገር ግን የግላኮማ ቁጥር ከሌሎቹ ማነሱ ነገሩን ቀላል አያደርገውም፤ ሞራው ተነሥቶ ሰው ያያል፣ የግላኮማው 5.2 በመቶ ግን እንደ ጠፋ ይቀራል። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 ግላኮማ ያለባቸው ሰዎች ወደ 76 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ተገምቶ ነበር፤ ሊመለስ የማይችል ዓይነ ስውርነት ከሚያስከትሉ በሽታዎችም ቀዳሚው ነው።

ዕድሜው ከ40 በላይ የሆነ ሰው፣ በተለይም እናቱ፣ አባቱ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ ግላኮማ ያለባቸው ሰው፣ ሳያመው መመርመር ይገባዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስቴሮይድ ያለበትን የዐይን ጠብታ ለረጅም ጊዜ መጠቀምም ግፊቱን ሊያንረው ይችላል። ከመድኃኒት መደብር ተገዝቶ «ለማሳከኩ ጥሩ ነው» እየተባለ ከጎረቤት ጎረቤት የሚዞር ጠብታ ስለዚህ አደጋ አለው።

ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው

ለግላኮማ የመጀመሪያው ሕክምና ብዙውን ጊዜ ጠብታ ነው። ጠብታው በየቀኑ፣ ለዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ለመድኃኒት የሚመላለስ ሰው አንድ ወር ሲያገኝ አንድ ወር ሲያጣ ግፊቱ ይመለሳል። ጠብታው ካልበቃ፣ ወይም ያለማቋረጥ ማግኘት ካልተቻለ፣ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናን ይመክራል። በስፋት የሚሠራው ትራቤኩሌክቶሚ ይባላል፤ በእንግሊዝ ሀገር ይሠራ የነበረው ኬርንስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋወቀው ነው። በላይኛው የዐይን ቆብ ሥር፣ በዐይኑ ነጭ ክፍል ላይ ትንሽ ክዳን የመሰለ መውጫ ይበጃል። ፈሳሹ በዚያ በኩል ወጥቶ ከስሱ የዐይን ልባስ ሥር ይጠራቀምና ቀስ በቀስ ወደ ደም ይመጠጣል። አዲስ ፈሰስ ማውጣት ማለት ነው።

ይህ ሥራ ለማደንዘዣው ጥያቄ ቁልፍ የሆነ አንድ ነገር ይዟል። መውጫው እንዲሠራ ከላይ ያለው ስስ ልባስ ጤነኛና ያልተጎዳ መሆን አለበት። ማደንዘዣው በዚያ ቦታ ደም ቢያቋጥር ወይም ልባሱን ቢያቆስል ጠባሳ ይፈጠራል፤ ጠባሳው ደግሞ አዲሱን መውጫ ይደፍነዋል።

ከሙሉ ሰመመን ወደ ጠብታ

ዛሬ አብዛኛው የአዋቂ ሰው የግላኮማ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ታካሚው ነቅቶ፣ ዐይኑ ብቻ ደንዝዞ ነው። ይህ እንደ ቀላል ነገር ይታይ እንጂ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በፊት አልነበረም። በቪየና የሚሠራው ወጣት ሐኪም ካርል ኮለር እ.ኤ.አ. በ1884 የኮኬይን ውሕድ ዐይን ላይ ሲንጠባጠብ ስሜትን እንደሚያጠፋ በእንስሳትና በራሱ ዐይን ላይ ሞከረ። በመስከረም ወር በሃይደልበርግ በተደረገው የዐይን ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ግኝቱን በራሱ ማቅረብ አልቻለም፤ የመንገድ ወጪ ስላልነበረው ጽሑፉን ሌላ ሐኪም አነበበለት። ከዚያ በፊት በዐይን ላይ ቢላ ሲያርፍ ታካሚው በሰዎች ይያዝ ነበር፤ አለበለዚያም በኤተር ወይም በክሎሮፎርም ይተኛ ነበር። ኮኬይን ለዐይን መርዛማነት ስለነበረው ቦታውን ለሌሎች ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1943 በስዊድን የተሠራው ሊዶኬይን እስከ ዛሬ በሀገራችን ጤና ጣቢያዎች ሳይቀር የሚገኝ ማደንዘዣ ነው። የዐይን ፀጉር ሕክምና የተደረገለት ሰው በዐይን ቆቡ ላይ የተወጋውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ሊዶኬይን ነው።

እዚህ ላይ አንድ መደናገር መጥራት አለበት። በትራኮማ ቀዶ ሕክምና ጊዜ መርፌው የሚገባው በዐይን ቆቡ ሥጋ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዐይኑ ኳስ ኋላ አይደርስም። ያን ሕክምና አልፎ ያየ ሰው «የዐይን መርፌ አውቃለሁ» ብሎ ለጎረቤቱ የሚነግረው ስለዚህ ለግላኮማ አይሠራም፤ የሚያስፈራራ ቢሆንም የሚያደፋፍር ቢሆንም።

የማደንዘዣ ዓይነቶቹ

ከሁሉም ቀላሉ ጠብታ ነው። ቴትራኬይን ወይም ፕሮክሲሜታኬይን የመሰለ ጠብታ በደቂቃ ውስጥ የዐይኑን ፊት ያደነዝዛል፤ ሲጨመር ለተወሰነ ጊዜ ያህል ያቆያል። መርፌ የለውም፤ ዐይን ማየቱንም መንቀሳቀሱንም አያቆምም። ጥቅሙና ጉድለቱ አንድ ቦታ ላይ ናቸው፦ ታካሚው ዐይኑን እንዳያንቀሳቅስ ራሱ መጠንቀቅ አለበት፤ የውስጥ ክፍል ሲነካ ጥቂት መሳሳብና ጫና ይሰማዋል። ሐኪሙ ጥቂት ሊዶኬይን በዐይኑ ውስጥ፣ ወይም ከስሱ ልባስ ሥር በመጨመር ሊያጠናክረው ይችላል። የተረጋጋና መመሪያ የሚሰማ ታካሚ ባለበት፣ እጁ የፈጠነ ሐኪም ባለበት ቦታ ትራቤኩሌክቶሚ በዚህ መንገድ ይሠራል። ጨረር በመጠቀም መውረጃውን ማስከፈት፣ ወይም በአይሪስ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ማውጣት የመሳሰሉ ሕክምናዎች ደግሞ ከጠብታ ያለፈ ማደንዘዣ አይፈልጉም። እነዚህን «ኦፕራሲዮን ነው» ብሎ የሚፈራ ታካሚ በከንቱ ነው የሚጨነቀው።

ሁለተኛው ከቴኖን ልባስ ሥር የሚሰጠው ማደንዘዣ ነው። ቴኖን የዐይኑን ኳስ እንደ ሽፋን ከብቦ የያዘ ቀጭን ልባስ ነው። በመጀመሪያ ጠብታ ይደረጋል። ከዚያ ሐኪሙ ከዐይኑ ታችኛና ወደ አፍንጫ ባለው ጥግ ላይ በትንሽ መቀስ ጥቂት ይከፍትና ጫፉ ዱልዱም የሆነ፣ የዐይኑን ክብነት ተከትሎ የተጎበጠ ቀጭን ቱቦ ያስገባል። ማደንዘዣው በቱቦው በኩል ወደ ኋላ ይፈስሳል። ሹል መርፌ ወደ ዐይን ኋላ አይገባም፤ ስለዚህ የዐይኑን ኳስ የመብሳት ወይም ትልቅ ደም ሥር የመንካት ዕድሉ በጣም ዝቅተኛ ነው። ዐይኑ ይደነዝዛል፤ መንቀሳቀሱም በብዛት ይቀንሳል። ጉድለቱ በልባሱ ላይ ትንሽ ደም መቋጠሩና እብጠት ማምጣቱ ነው። ለግላኮማ ታካሚ ቱቦው ከታች እንጂ ከላይ እንዳይገባ የሚደረገውም ለዚህ ነው፤ የላይኛው ክፍል ለአዲሱ መውጫ ንጹሕ ሆኖ መቆየት አለበት። ማደንዘዣ የሚሰጥ ልዩ ባለሙያ በየጊዜው በማይገኝበት ሆስፒታል ለሚሠራ የዐይን ሐኪም ከጥቅምና ከጉዳቱ ሚዛን አንጻር ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። የሚፈልገው ቱቦ ርካሽ ነው፤ ሥልቱም በአጭር ጊዜ ሥልጠና የሚለመድ ነው።

ሦስተኛው በሹል መርፌ የሚሰጠው ነው። ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ከዐይን ኋላ፣ የዐይን ጡንቻዎች ከሚሠሩት ሾጣጣ ቦታ ውስጥ ጥቂት መጠን ያለው ማደንዘዣ መስጠት ነው፤ ፈጥኖ ይሠራል፣ ዐይኑንም በደንብ ያስቆማል። ሁለተኛው ከዚያ ሾጣጣ ቦታ ውጭ፣ በዐይኑ ዙሪያ የሚሰጠው ነው። ይህኛው ከዕይታ ነርቭ ራቅ ስለሚል ይመረጣል፤ ነገር ግን የሚሰጠው መጠን ከፍ ያለ ነው፣ እስኪሠራም ጥቂት ደቂቃዎችን ይፈልጋል። ሁለቱም በዓለም ላይ ለብዙ ዓመታት በሚሊዮኖች ዐይን ላይ ተሠርተዋል፤ በሀገራችንም በዐይን ሕክምና ውስጥ የተለመዱ ናቸው።

የመርፌው አደጋዎች ብርቅ ቢሆኑም ሊሸሸጉ አይገባም። ከዐይን ኋላ ደም ሊፈስ ይችላል። በተለይ የቅርብ እንጂ የሩቅ የማያይ ሰው ዐይኑ ረዘም ያለ ስለሆነ መርፌው ኳሱን ሊነካ ይችላል። ማደንዘዣው በነርቩ ሽፋን ተከትሎ ወደ አንጎል ከደረሰ ታካሚው ሊደነዝዝ፣ እስትንፋሱም ሊያጥር ይችላል። መርፌው በሚሰጥበት ክፍል ኦክስጅንና እስትንፋስ መርጃ መሣሪያ፣ የልብ ምትና የደም ግፊት መከታተያ መኖር ያለበት ለዚህ ነው። ታካሚው የሚያደርገው አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፦ መርፌው ሲሰጥ ፊት ለፊት ማየት። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ታካሚው ወደ ላይና ወደ አፍንጫው እንዲያይ ይነገረው ነበር። በኋላ በምስል ሲታይ ግን ያ አመለካከት የዕይታ ነርቩን ወደ መርፌው መንገድ እንደሚያቀርበው ታወቀ። ስለዚህ ሐኪሙ «ፊት ለፊት እይ» ካለ ዐይንን አለማዞር ግዴታ ነው።

ለግላኮማ ብቻ የሚነሣ ጉዳይ ደግሞ አለ። የግላኮማ ታካሚ የዕይታ ነርቭ አስቀድሞ የተጎዳ ነው። በዐይን ዙሪያ ብዙ ፈሳሽ ሲገባ ግፊቱ ለጊዜው ይጨምራል፤ ወደ ነርቩ የሚሄደው ደምም ሊቀንስ ይችላል። ጤነኛ ነርቭ ይህን ይቋቋማል። ጥቂት ክር ብቻ የቀረው ነርቭ ግን ላይቋቋም ይችላል፤ አልፎ አልፎ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቀሪው ዕይታ በድንገት የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ፣ ጠንቃቃ ሐኪም በጣም ለገፋ ግላኮማ የማደንዘዣውን መጠን ይቀንሳል። የደም ሥርን የሚያጠብብ አድሬናሊን አይጨምርም። ማደንዘዣው እንዲሰራጭ ዐይንን በኳስ ለረጅም ጊዜ መጫንንም ይተዋል። ለትራኮማ ቀዶ ሕክምና አድሬናሊን ያለበት ሊዶኬይን መጠቀም ደምን ስለሚያቆም ጥሩ ሲሆን ለግላኮማ ግን የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ዐይን ብቻ የቀረው ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ማስታወስ አለበት፤ በካርዱ ላይ ተጽፎ ይሆናል ብሎ ዝም ማለት አይገባም።

ግፊቱን ለማውረድ የዐይኑን ፈሳሽ የሚያመነጨውን ክፍል በጨረር ማቃጠል የሚባል ሕክምናም አለ። ሌላው ሁሉ ሲያቅት፣ ወይም የዐይኑ ሕመም ሲበረታ ይሠራል። በቢላ ያልተነካ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብርቱ ሕመም ያለው ነው። ጠብታ አይበቃውም፤ ከቴኖን ሥር ወይም በመርፌ የሚሰጥ ጠንካራ ማደንዘዣ ያስፈልገዋል።

ሙሉ ሰመመን ለማን?

ሕፃን ዐይኑ ላይ ሲሠራበት ጸጥ ብሎ ሊተኛ አይችልም፤ ስለዚህ ሙሉ ሰመመን ይሰጠዋል። ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ ራሱን ማረጋጋት የማይችል፣ ወይም እጅግ የሚንቀጠቀጥ ሰውም እንዲሁ። ስለ ሕፃናት ካነሣን፣ ሲወለድ ጀምሮ ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ዐይኑ እየተለቀ የሚሄድ፣ ብርሃን የሚሸሽ፣ ያለ ምክንያት የሚያነባ ሕፃን ግላኮማ ሊኖረው ይችላል። በሀገራችን ትልልቅ ዐይን እንደ ውበት ስለሚታይ እናት «ዐይናማ ነው» እየተባለች ወራት ያልፋሉ። እንዲህ ያለ ሕፃን ቀን ሳይቆጠር ወደ ዐይን ሐኪም መድረስ አለበት።

ለሌላው አዋቂ ሰው ሙሉ ሰመመን የተሻለ ነው የሚለው እምነት አያስኬድም። ልቡ ወይም ሳንባው የደከመ አዛውንት ነቅቶ ቢሠራለት አደጋው ያንሳል፤ ከሰመመን ሲነቁ የሚያጋጥም ሳልና ትውከትም በአዲስ የተሠራ ዐይን ላይ ግፊት ይፈጥራል። ፍርሃቱ የበረታ ታካሚ ከዐይን ማደንዘዣው ጋር ጥቂት የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊሰጠው ስለሚችል፣ ፍርሃቱን ለሐኪሙ በግልጽ መናገር ነውር አይደለም።

ታካሚው የሚያየውና የሚሰማው

ፊቱ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፤ የሚሠራው ዐይን ብቻ ይከፈታል። ከጨርቁ ሥር አየር አለ። የዐይን ቆቡ በትንሽ መሣሪያ ተከፍቶ ስለሚያዝ ቆቡን ከድኖ ለመያዝ መጣር ዋጋ የለውም። በጠብታ ብቻ የሚሠራለት ሰው ብርሃንና ጥላ ያያል። በመርፌ ወይም ከቴኖን ሥር ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ግን ዕይታው ሊደበዝዝ፣ እስከ ጭራሹም ሊጨልም ይችላል። ይህ ለሰዓታት የሚቆይ የማደንዘዣው ሥራ ነው፤ ሊዶኬይን ብቻ ከሆነ ቶሎ ይለቃል፣ ቡፒቫኬይን የተጨመረበት ከሆነ ዘግየት ይላል። ስለዚህ ጉዳይ አስቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ «አሳወሩኝ» ብሎ ቢደናገጥ አያስወቅሰውም። ማስረዳት የነበረበት ባለሙያው ነው።

ቢያመው ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ በድምፅ መናገር ወይም አስቀድሞ በተስማሙበት ምልክት እጁን መጭመቅ ይበቃል፤ ማደንዘዣ ይጨመርለታል። ማሳል ወይም ማስነጠስ ከመጣበት ቀድሞ ማሳወቅ አለበት። በጭስ በታፈነ ማእድ ቤት ዓመታት የቆዩ እናቶች ላይ ሳል የተለመደ ስለሆነ፣ ከቀጠሮው በፊት ሳሉ እንዲታከም ማድረግ የተሻለ ነው። ለግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ለአንድ ሰዓት ያህል በጀርባ መተኛት የማይችል፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ጆሮው የማይሰማ ሰው ይህን ከቀጠሮው ቀን በፊት ማመልከት አለበት።

ለሐኪሙ ሳይነገር መቅረት የሌለበት ሌላም ነገር አለ። አስፕሪን፣ ዋርፋሪን ወይም ደም የሚያቀጥን ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በእጁ ይዞ ይምጣ። በራሱ ውሳኔ ግን አያቋርጠው፤ ለልቡ የታዘዘ መድኃኒት ማቋረጥ ከዐይን ደም መፍሰስ የከፋ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ሐኪሙ ይህን ካወቀ በሹል መርፌ ፋንታ ጠብታን ወይም ዱልዱሙን ቱቦ ሊመርጥ ይችላል። ጥርስ ሲነቀል ወይም ሌላ ሕክምና ሲደረግ በማደንዘዣ ምክንያት ራሱን ስቶ ወይም ሰውነቱ አብጦ የሚያውቅ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ እንዲሁ ይናገሩ። ምግብ ስለ መብላትና አለመብላት የሚሠራው የሆስፒታሉ መመሪያ ነው። በተለይ የስኳር ሕመምተኛ ጦሙን ውሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት።

ከብቸናና ከሞጣ ለሚነሣ ታካሚ

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ ታካሚውን በሁለቱም አቅጣጫ ይወስደዋል። የግላኮማ ቀዶ ሕክምና የዐይን ስፔሻሊስት ሐኪም የሚፈልግ ነው፤ የትራኮማ ቀዶ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶች ወይም የሞራ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች የሚሠሩት አይደለም። ምርመራው በአካባቢው ጤና ተቋም ቢጀመርም ታካሚው ብዙ ጊዜ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ይላካል፤ የከበደ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሊደርስ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ሰው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈራል ወረቀቱን ይዞ መሄድ አለበት። ደረጃውን ዘሎ በቀጥታ የሄደ ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ከመንገድ በፊት በስልክ ሐኪሙ በዚያ ሳምንት መኖሩን መጠየቅ የሁለት ቀን ድካም ያድናል። ደጋፊ ሰው መያዝም ግድ ነው፤ አንድ ዐይኑ ታሽጎ ብቻውን የሚመለስ ሰው መኖር የለበትም።

ጊዜውን መምረጥ ለገበሬ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ግላኮማው የገፋበትና ሐኪሙ «አሁን» ያለው ሰው ወቅት አይጠብቅም። ሐኪሙ የተወሰነ ጊዜ ሊሰጠው የሚችል ታካሚ ግን ከታኅሣሥ የጤፍ ውቂያ ወይም ከእርሻው ጥድፊያ ራቅ ያለ ጊዜ ቢመርጥ ይጠቀማል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት እጅግ ማጎንበስ፣ ከባድ ነገር መሸከም፣ ሞፈር መጫን፣ በነፋስ ገለባ በሚበተንበት አውድማ መቆም፣ ለሰብል መድኃኒት መርጨት አይፈቀድም። ዐይንን ማሸት፣ ባልታወቀ ውኃ መታጠብ፣ ቅጠል ጨምቆ ማንጠብጠብም እንዲሁ። የታዘዘው ጠብታ ግን በጦም ወራትም ሆነ በበዓል ቀን መቋረጥ የለበትም፤ ጥያቄ ያለው ሰው ሐኪሙንም የሃይማኖት አባቱንም ቀድሞ ያማክር።

ማደንዘዣው ሲለቅ በመጀመሪያው ሌሊት የማሳከክና የመቆጥቆጥ ስሜት ይኖራል፤ በተለመደ ማስታገሻ ይቀላል። በማስታገሻ የማይታገስ ብርቱ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ የዕይታ ድንገተኛ መቀነስ፣ መግል ያለበት ፈሳሽ ከታየ ግን የቀጠሮው ቀን አይጠበቅም። ትራቤኩሌክቶሚ የተሠራለት ዐይን ከዓመታት በኋላም ቢሆን ሲቀላና ሲያመው ነገሩ ተራ የዐይን ሕመም ላይሆን ይችላል፤ በአዲሱ መውጫ በኩል የገባ ብክለት በቀናት ውስጥ ዐይንን ሊያጠፋ ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የትኛው ዐይን፣ መቼ፣ ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደተሠራለትና የትኛው ማደንዘዣ እንደተሰጠው የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቆ መያዝ መብቱ ነው። ያ ወረቀት በጤና መድኅን ደብተሩ ውስጥ ተቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ለሚያክመው ለማንኛውም ባለሙያ ይታይ።